በገበያ የተለፈፈ ስም

አያ ስማቸውን ያገኘናቸው እንደተቀመጡ ነው። ጀርባቸውን ለግድግዳው ሰጥተው፣ ጋቢያቸውን እስከ አገጫቸው ስበው፣ እግራቸው ሥር ከሰሉ አመድ የሆነ ማንደጃ ተቀምጧል። ድንገት ገብቶ ላያቸው እንቅልፍ የወሰዳቸው ይመስላሉ። በሩ ግን ከውጭ በጠፍር ታስሮ ነበር። እንቅልፍ በወሰደው ሽማግሌ ላይ ማን በር ያስራል?

ዓርብ ጠዋት ነው፣ በ፲፱፻፵፱ ዓ.ም.፣ በኅዳር። ቦታው ጎንደር፣ ከቁስቋም በታች ያለው የደካሞች መጦሪያ ነው፤ ጣሊያን ትቶት የሄደ ረጅም የድንጋይ ቤት። ጧሪ የሌላቸው ሃያ ስምንት ሽማግሌዎችና አሮጊቶች ይኖሩበት ነበር፤ ከዚያ ጠዋት ጀምሮ ሃያ ሰባት ሆኑ። እኔ መቶ አለቃ ፋንታሁን ነኝ፣ የፖሊስ ወንጀል መርማሪ። ባልደረቦቼ መዥገር ይሉኛል። ከያዘ አይለቅም ለማለት ነው፤ ተቀይሜያቸው አላውቅም።

አብሮን የመጣው ድሬሰር፣ የሐኪም ረዳት ነው፣ የሟቹን ከንፈር አየና የከሰል ጢስ ነው አለ። ዝግ ቤት ውስጥ ከሰል ሰውን የሚገድለው በዝምታ ነው፣ ሰውየው እንኳ መሞቱን አያውቅም አለኝ። ክፍሉ ዕቃ የሚጣልበት ጓዳ ነው፤ ያለችው አንዲት ጠባብ መስኮት በጆንያ ተወትፋለች። ብርድ ነው፣ ማን ይፈርዳል ብዬ ጆንያውን ልስበው ስል እንቢ አለኝ። ዞሬ ወጣሁ። የተወተፈው ለካ ከውጭ ነው።

ብርድ የፈራ ሰው ከውስጥ ይወትፋል። ከውጭ የወተፈው ሰው የፈራው ሌላ ነገር ነው። ይህን በማስታወሻዬ ጻፍኩና ሁለት ጊዜ አሰመርኩበት።

የቤቱ ሹም አቶ ውድነህ ይባላል። ኮቱ የተተኮሰ፣ ጢሙ የተስተካከለ፣ አንገቱን ሰበር አድርጎ የሚናገር ሰው ነው። ሳልጠይቀው ብዙ ነገረኝ። ትናንት ሐሙስ ከበላይ የተላከ ተቆጣጣሪ መጥቶ ቤቱን ሲመረምር ውሏል፤ ንጽሕናውን፣ ምግቡን፣ የአስታማሚዎቹን ብዛት። በጣም ተደስቶ ሄዷል። አያ ስማቸው ግማሽ አካላቸው የማይታዘዝላቸው ሰው ስለነበሩ ከሦስት ሰዓት ጀምሮ ለአንዲት አስታማሚ በአደራ ተሰጥተዋል። አስታማሚዋ ወለተሩፋኤል ትባላለች። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ከጓዳው ደጃፍ አልተነሣችም፤ ከዚያ በኋላ ግን ያያት የለም።

«ጠፋች» አለኝ፣ እጆቹን ዘርግቶ። «የጭልጋ ልጅ ናት። በሩን አሥራባቸው ወደ አገሯ ሳትገባ አትቀርም። እኔ ከተቆጣጣሪው ጋራ ነበርኩ፣ ይኸው ፊርማው።»

የተቆጣጣሪው ወረቀት ግልባጭ ከግድግዳው ላይ ተለጥፏል። አስታማሚዎች ስምንት፣ ሁሉም ነጭ ልብስ የለበሱ፣ ይላል። ሥሩ የስምንቱ ስም ተዘርዝሯል፤ አምስተኛዋ ወለተሩፋኤል ናት፤ ከታች የተቆጣጣሪውና የአቶ ውድነህ ፊርማ አለ። የቀን መዝገቡንም አሳየኝ፤ በሐሙስ አንጻር «ጓዳ፦ ወለተሩፋኤል» ተብሎ ተጽፏል።

ወረቀት ሲደራረብልኝ ድሮም ደስ አይለኝም። ነገር ግን አንድ ሰው ሞቷል፣ አንዲት ሴት ጠፍታለች። ምን ላድርግ? የአቶ ውድነህን ቃል አስፈርሜ፣ የሴትዮዋን መያዣ ትእዛዝ ጽፌ ፈረምኩ፤ ለጭልጋ ፖሊስ በስልክ አስታወቅሁ። በማግሥቱ ቅዳሜ ጎንደር ገበያ መሐል ለፋፊ አቁሜ፣ ሽማግሌ በጢስ አፍና የገደለች ወለተሩፋኤል የምትባል ሴት ያየህ ጠቁም፣ የደበቅህ ትቀጣለህ፣ ብዬ ሦስት ጊዜ አስለፈፍኩ። በሕይወቴ ከሠራኋቸው ሥራዎች አንዱን ብሰርዝ ያንን ነው የምሰርዘው። በኋላ ትደርሱበታላችሁ።

አቶ ውድነህ ሌላም ነገር ሹክ ብሎኝ ነበር። አያ ስማቸው ድብ ባሕር ላይ ቁራሽ ርስት አላቸው፤ የወንድማቸው ልጅ አለነ በርስቱ እየተጣላቸው ሰሞኑን ሲመላለስ ነበር፣ ምናልባት ሴትዮዋን እሱ አባብሏት ይሆናል አለኝ። እሑድ በጭነት ማኪና ወደ ድብ ባሕር ወጣሁ።

አለነን ያገኘሁት አውድማ ላይ ነው፣ የገብስ ክምሩን ሲጠብቅ። የአጎቱን ሞት ስነግረው በትሩን ጥሎ ተቀመጠ። እውነት ነው ተጣልተዋል፤ የተጣሉት ግን አለነ ወደ ቤቴ ላምጣህ እያለ፣ ሽማግሌው ደግሞ ሸክም አልሆንብህም እያሉ ነው። ሐሙስ የት ዋልክ አልኩት። መልሱን ጎረቤቶቹ ቀሙት፤ ሐሙስ የአለነ የገብስ ደቦ ነበር፣ ሃያ ሁለት ሰው ከጥዋት እስከ ማታ እሱ ማሳ ላይ ነው የዋለ። የበሉትን ወጥ ሳይቀር ነገሩኝ፣ ጨው ያንሰው ነበር አሉ። ባለ ደቦ እንኳን ጎንደር ሊወርድ ከማሳው ለአፍታ ቢጠፋ ስሙ እስከ ፋሲካ ይነሣል። አለነን ተውኩት።

«አጎቴ ሰው አይፈሩም ነበር» አለኝ ሲሸኘኝ። «ያዩትን ይናገራሉ። በመጨረሻ ስሄድ፣ ትልቅ ሰው ሊጠይቀን ሊመጣ ነውና የምነግረው አለኝ ብለውኝ ነበር።»

ይህንንም ጻፍኩና አሰመርኩ።

ሰኞ ከጭልጋ መልስ መጣ። በዚህ ስም፣ በዚህ መልክ፣ መጦሪያ ቤት የምትሠራ ሴት ዘመድ ነኝ የሚል አንድም ሰው የለም። መሬት ዋጠቻት። ሰው ግን ሲጠፋ አንድ ነገር ትቶ ነው የሚጠፋ፤ የለበሰውን፣ የተኛበትን፣ ያስቀየመውን ሰው። ወለተሩፋኤል ምንም አልተወችም። መኝታዋ የቱ ነው ብዬ ወጥ ቤቷን ሸዋገነትን ብጠይቃት ጀርባዋን ሰጥታኝ ሽንኩርት መክተፏን ቀጠለች። ውሃ ቀጂዋ ይመኙሽም፣ ልብስ አጣቢዋ እናኑም እንደዚያው ናቸው። ዝም አይነቅዝም ነው ነገሩ። አቶ ውድነህ በደጃፍ በኩል አለፍ ባለ ቁጥር ሦስቱም አንገታቸውን ይደፋሉ።

ስለዚህ ማንም ያልጠየቃቸውን ልጠይቅ ብዬ ወደ ሽማግሌዎቹ ገባሁ። ከአልጋ አልጋ እየዞርኩ አንድ ዓይነት ጥያቄ አቀረብኩ፤ ትናንት ውሃ ያጠጣዎት ማነው፣ ያገላበጠዎት ማነው፣ ያጠበዎት ማነው? የመጀመሪያው ሽማግሌ አየለች አሉኝ። ሁለተኛዋ አየለች። ሦስተኛው ዓይናቸው አያይም፤ አየለች ናት፣ በእጇ አውቃታለሁ አሉኝ። እንዲህ እያልኩ ሃያ ሰባቱን ጨረስኩ። ሃያ ሰባት አፍ፣ አንድ ስም። ታዲያ ሌሎቹ ሰባት አስታማሚዎች ማንን ነው የሚያስታምሙ?

አየለች ራሷ አርባ ዓመት የሚሆናት ቀጭን ሴት ናት። ሳነጋግራት እንኳ አትቀመጥም፤ አንዷን አሮጊት በትራስ ደግፋ፣ የሌላውን አፍ ጠርጋ፣ የሦስተኛውን እግር አሽታ ነው የምትመልስልኝ። ዓርብ ዕለት አያ ስማቸውን በመጨረሻ መቼ አየሽ ብያት፣ ሐሙስ ጠዋት በሁለት ሰዓት አበላኋቸው ብላኝ ነበር። ከዚያስ? ስላት ወደ ሌላ አልጋ ዞረች። አሁንም ወለተሩፋኤል ማናት? አልኳት። ፊቷ አመድ መሰለ። ቅዳሜ ገበያ የተለፈፈውን ሰምታ ኖሯል፤ እኔ ግን የፈራች ምስክር ናት ብዬ አለፍኩት። መዥገር ነኝ እንጂ ብልህ ነኝ አላልኩም።

ሰኞ ከሰዓት በኋላ አባ ወልደ ዮሐንስ መጡ፣ የቤቱ የንስሐ አባት። በሳምንት አንድ ቀን እየመጡ ለበሽተኞቹ ጸሎት ያደርጋሉ። ግቢው ጥግ ካለው ዋንዛ ሥር ተቀምጠን የአስታማሚዎቹን ስም ዝርዝር አሳየኋቸው። ከእነዚህ መካከል ወለተሩፋኤልን ያውቋታል ወይ አልኳቸው።

አባ ወረቀቱን ከዓይናቸው አርቀው፣ አቅርበው አዩት። ከዚያ ሳቅ መጣባቸው። ያንን ሳቅ እስከ ዛሬ አልረሳውም፣ የደስታ ሳቅ አልነበረም።

«ልጄ፣ ከታች ያሉት አራቱማ የእኔ ዝርዝር ናቸው» አሉኝ። «በጸሎት የማነሣቸውን የክርስትና ስሞች ጽፌ ለአቶ ውድነህ ሰጥቼው ነበር፣ በቤቱ ስም ይጸለይ ብሎ ቢለምነኝ። ወለተ ማርያም ሸዋገነት ናት። ወለተ ኪዳን ይመኙሽ ናት። ወለተ ጊዮርጊስ እናኑ ናት።»

«ወለተሩፋኤልስ?»

«አየለች ናታ!»

አገራችን እንዲህ ነው፤ ሰው ሁለት ስም አለው፣ አንዱን ዓለም ይጠራበታል፣ ሌላውን ቤተ ክርስቲያን። የክርስትና ስም ለቁርባን፣ ለጸሎትና ለቀብር ካልሆነ ከአፍ አይወጣም፤ ጎረቤትህ ሃያ ዓመት አብሮህ ኖሮ ላያውቀው ይችላል። አንዳንዱ ደግሞ በክርስትና ስሙ ብቻ ይጠራል፣ ስለዚህ ስሙን ወረቀት ላይ ያየ አይጠረጥርም። አቶ ውድነህ ይህችን አወቀና አራት ሴቶችን ስምንት አደረጋቸው። ከአራቱም አንዷ አብሳይ፣ አንዷ ውሃ ቀጂ፣ አንዷ አጣቢ ናቸው። ሃያ ስምንት ደካሞችን የምታነሣና የምትጥል አንዲት አየለች ብቻ ነበረች።

እኔስ ምን አደረግኩ? እግዜር የሚጠራበትን ስሟን ወስጄ ገበያ መሐል ነፍሰ ገዳይ ብዬ አስለፈፍኩት። ደሜ ፈላ። በማን እንደፈላ ግን ለጊዜው አልለየሁም።

አየለችን ለብቻዋ ጠርቼ፣ አባ በተቀመጡበት፣ ያወቅሁትን ነገርኳት። ለመጀመሪያ ጊዜ ተቀመጠች።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሐሙስ ጠዋት ሌሎቹን ስታጥብና ስታለብስ ቆይታ አያ ስማቸው ካልጋቸው ላይ አጣቻቸው። አቶ ውድነህን ብትጠይቀው፣ አለነ መጥቶ ለተዝካር ወደ ድብ ባሕር ወሰዳቸው አላት። ደስ አላት፣ ከሰው ተቀላቅለው ይውላሉ ብላ። ከአራት ሰዓት ጀምሮ ተቆጣጣሪውን ክፍል ለክፍል አዞረች። የሹሙ ሚስት አራት የማኅበር ጓደኞቿን ነጭ ልብስ አልብሳ አምጥታ ነበር፤ ለተቆጣጣሪው እጅ ነስተው፣ ሲሄድ ልብሱን መልሰው ሄዱ። በማግሥቱ ይመኙሽ እንጨት ልታወጣ ጓዳውን ስትከፍት ጮኸች።

«ምነው ዝም አልሽ?» አልኳት።

«ቤቱ ይዘጋል አለኛ!» አለች። «አንድ ቃል ከተነፈስሽ ሃያ ሰባቱም ነገ ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ይጣላሉ፣ በአንቺ ምክንያት ይሞታሉ አለኝ። እኔ ብታሠር ያው አንድ ሰው ነኝ። እነሱን ማን ያነሣቸዋል?»

አባ አንገታቸውን ደፉ። እኔ ብድግ አልኩ።

አቶ ውድነህን ቢሮው ውስጥ ሳይሆን ግቢው መሐል ነው ያነጋገርኩት፣ ሴቶቹ ሁሉ ባሉበት። ወለተሩፋኤል ተገኝታለች አልኩት። ፊቱ መጀመሪያ ጨለመ፣ ቀጥሎ በራ። ብልህ ሰው ነው፣ ይህን አልነፍገውም።

«ታዲያ መልካም» አለኝ። «በስሟ መያዣ አለ፣ የፈረሙት እርስዎ ነዎት። አንዷን ሴት በሁለት ስም መጻፌ የአስተዳደር ጥፋት ነው፣ እቀጣበታለሁ። ሽማግሌውን በአደራ የተረከበችው ግን እሷ ናት። ይውሰዷት።»

አየለች ነጠላዋን አስተካከለች። ልትሄድ ተዘጋጅታ ነበር፣ እውነቴን ነው። የምትሰናበታቸውን እንኳ በዓይኗ ስትፈልግ አየኋት።

ከኪሴ ሁለት ወረቀት አወጣሁ። አንዱ ዓርብ ዕለት የሰጠኝ ቃሉ ነው፤ ወለተሩፋኤል ከሦስት ሰዓት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ከጓዳው ደጃፍ አልተነሣችም፣ ይላል። ሁለተኛው ከግድግዳው ላይ የላጥኩት የተቆጣጣሪው ወረቀት ነው፤ አስታማሚ አየለች ከአራት ሰዓት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ሳትለየኝ አስጎበኘችኝ፣ ይላል። በሁለቱም ሥር የአቶ ውድነህ ፊርማ አለ።

«አንዲት ሴት ናት፣ ሁለት ቦታ ውላለች» አልኩት። «የቱን ፊርማዎን ልመን? ለእሷ ደግሞ አለነ ወደ ድብ ባሕር ወሰዳቸው ብለዋታል። አለነ በዚያ ቀን ሃያ ሁለት ሰው ይዞ ገብስ ያጭድ ነበር። ሽማግሌው ጓዳ እንደነበሩ የሚያውቅ ሰው ነው እንዲህ ያለ ውሸት የሚያስፈልገው።»

ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይባላል። አቶ ውድነህ ኮቱን ሳብ ሳብ አደረገ። እንደምንም ብሎ በሩን ሌላ ሰው አሥሮት ይሆናል፣ እኔ ከሰሉንም ጠፍሩንም አላውቅም አለ።

ያን ጊዜ ሸዋገነት ከወጥ ቤቱ ደጃፍ ወጣች። ያቺ ጀርባዋን የሰጠችኝ ሴት።

«ማንደጃውን ከእኔ እጅ ነው የተቀበልከው» አለችው፣ እርስዎ የሚለውን ጥላ። «ጠፍሩንም ከምሰሶው ፈትተህ ነው የወሰድከው። ከሰሉ ገና አልቀላም፣ ይጤሳል ብዬህ ነበር። ይሙቃቸው፣ አፋቸውን ይዘው ይቀመጡ አልከኝ።»

የቀረው ብዙ አልነበረም። አቶ ውድነህ እዚያው መሬት ላይ ቁጭ አለ፣ የተተኮሰው ኮቱ አቧራ ነካው። አያ ስማቸው ለተቆጣጣሪው እውነቱን እናገራለሁ ብለው ዝተዋል፤ ስንት ሰው ነው የሚያነሣን? አንዲት ናት እሷም ልትሞት ነው፣ እላለሁ ብለዋል። ስለዚህ እስኪመሽ ጓዳ ሊያኖራቸው ነበር። ሲጮኹ እንዳይሰሙ መስኮቱን በጆንያ ወተፈ። እንዳይበርዳቸው ማንደጃ አስገባ። ተቆጣጣሪው ደስ ብሎት ሲሄድ ሊሸኘው ወጣ፣ ከዚያ ግብዣ ሄደ፣ ረሳቸው።

«ልገድላቸው አላሰብኩም» አለኝ። «ሰው ያወጣቸዋል ብዬ ነው።»

«ማን ያወጣቸዋል?» አልኩት። «ስምንት አስታማሚ አለኝ ብለው ጽፈው ጽፈው፣ እርስዎም አመኑት መሰለኝ።»

ኮንስታብሎቹ ይዘውት ሄዱ። የፍርድ ቤቱን ነገር አልተርክላችሁም፣ እሱ የዳኞች ሥራ ነው።

እኔ ማታ ተቀምጬ ለበላይ ሪፖርት ጻፍኩ። የአስታማሚ ብዛት፦ አንድ። የደካሞች ብዛት፦ ሃያ ሰባት። ቤቱ ይዘጋ የሚል ሐሳብ ቢመጣ ሃያ ሰባቱን በቃሬዛ ተሸክሜ ይዘጋ ባለው ሰው ደጃፍ አስቀምጣቸዋለሁ፣ ብዬም ጨመርኩ። ለዚህች ዐረፍተ ነገር ተጠርቼ ተገሥጫለሁ። ነገር ግን ቤቱ አልተዘጋም፤ ሦስት ሴቶች እንዲቀጠሩ ትእዛዝ ወጣ።

ማክሰኞ አየለችን ቃሏን ላስፈርማት ሄድኩ። አውራ ጣቷን ቀለም አስነክታ አተመችና ወረቀቱን ሳትመልስልኝ ቆየች።

«ጌታው፣ አንድ ነገር ልለምንዎት» አለችኝ። «አየለች ብለው ቢያስለፍፉኝ ኖሮ ግድ አልነበረኝም። አየለች እዚሁ ቀሪ ናት። ወለተሩፋኤል ግን ስሞት የምጠራበት ነው። ካህኑ ይፍታት ሲል ገበያተኛው የሰማው ሌላ ነው። እንዲህ ሆኜ እንዴት ልቅረብ?»

በሥራ ብዛት ይቅር በይኝ ማለት ረስቼ የኖርኩ ሰው ነኝ። ያን ቀን አልኩት። እሷ ግን የፈለገችው ይቅርታ አልነበረም።

ቅዳሜ ገበያው ሞልቶ ሳለ ለፋፊውን ጠራሁት። መጣና ምን ልበል አለኝ። ወዲያው ሐሳቤን ለወጥኩ፤ ያስለፈፍኩት እኔ ነኝ፣ አልኩና ከእህል ተራው አጠገብ ካለው ድንጋይ ላይ ወጣሁ። ባርኔጣዬን አወለቅኩ። ዓይን ሁሉ ወደኔ ዞረ፤ ሸክላ ሻጮቹ እንኳ ጣባቸውን ትተው ቆሙ።

«ባለፈው ቅዳሜ እዚህ የተለፈፈው ሐሰት ነው!» ብዬ ጮኽኩ። «ወለተሩፋኤል ሰው አልገደለችም! ሃያ ሰባት ሰው በሕይወት ያኖረች ናት! የተሳሳተው መቶ አለቃ ፋንታሁን ነው፣ እኔ ነኝ!»

ሦስት ጊዜ አልኩት፣ ያኔ ሦስት ጊዜ ስለተለፈፈ። አንድ ኮንስታብል አንገቱን ሲደፋ አየሁ፣ አለቃው ያበደ መስሎት ይሆናል። አንዲት አሮጊት እህል ሻጭ ግን እጇን ወደ ላይ አንሥታ፣ እሰይ፣ ስሟ ይጥራ፣ አለች። ገበያው ተቀበላት።

ከዚያ በቀጥታ ወደ መጦሪያው ሄድኩ። አየለች አልሰማችም፣ እንዴት ትሰማ? አዲሶቹ ሴቶች ገና አልመጡም፤ እሷ ቤት ውስጥ አንዲት ወፍራም አሮጊት ልታገላብጥ ስትታገል አገኘኋት። በቆምኩበት ሁሉንም ነገርኳት፤ ድንጋዩን፣ ሦስት ጊዜውን፣ እህል ሻጯን። ዓይኗ ሞላ፣ በክንዷ ጠረገችው።

«ሸጋ» አለች። ከዚያ ወደ አሮጊቷ አመለከተችኝ። «በዚያ በኩል ትከሻቸውን ይያዙልኝ።»

ቀበቶዬን ፈትቼ አስቀመጥኩና ያዝኩ። አሮጊቷን አገላበጥናቸው። ቀጥሎ ያሉት ሽማግሌ እኔንስ አሉ። እሳቸውንም አነሣናቸው። ከዚያ ቀጣዩን። ወገቤ ሲቆረጥ ቀና ብዬ ገና ስንት ቀረን? አልኳት።

«ሃያ አራት» አለችኝ።